ፍርዱን ካወቁ በኋላ

ከማንበባችሁ በፊት

ፍጻሜውን እያወቃችሁ ደግማችሁ ያያችሁት ፊልም ወይም ተውኔት አለ? በሁለተኛው ጊዜ ያስተዋላችሁት ነገር በመጀመሪያው ጊዜ ለምን አመለጣችሁ? መልሳችሁን በደብተራችሁ ላይ ባጭሩ ጽፋችሁ ወደ ምንባቡ እለፉ።

ምንባብ

የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ በኮረብቶች ላይ የተሠራች ናት። በከተማይቱ ካባላጋላ በሚባለው ሰፈር የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ የወጥና የቡና ሽታ ያስቆመዋል፤ ወገኖቹ የከፈቷቸው ምግብ ቤቶች በዚያ ይገኛሉና። በየመንደሩ ደግሞ ኪባንዳ የሚባሉ አነስተኛ የቪዲዮ ቤቶች አሉ። በነዚህ ቤቶች የውጭ አገር ፊልም ሲታይ አንድ ተርጓሚ ማይክሮፎን ይዞ የተዋንያኑን ንግግር በሉጋንዳ ቋንቋ እየመለሰ፣ ከራሱም ቀልድና ትችት እየጨመረ ያሰማል። ፊልሙን ቀድሞ ያየ ሰው እንኳ ተርጓሚው የሚለውን ለመስማት ተመልሶ ይመጣል።

የዚህ ምንባብ ጸሐፊ ከጥቂት ዓመታት በፊት በካባላጋላ በዘመዶቹ ቤት እንግዳ ሆኖ ሳለ፣ ሳያስበው እንዲህ ያለ ተርጓሚ ለመሆን በቃ። አንድ እሑድ ማታ የቤቱ ሰዎች ‹‹ድፍረት›› የተባለውን የአማርኛ ፊልም ለማየት ተሰበሰቡ። አንዲት ኡጋንዳዊት ጎረቤትም አብራ ተቀምጣ ነበር። ከሥዕሉ በታች የተጻፈውን እንግሊዝኛ ታነባለች፤ ጽሑፉ ያላብራራላትን ግን ትጠይቃለች። ጸሐፊው ፊልሙን አስቀድሞ አዲስ አበባ ሳለ አይቶት ስለነበር መልስ የመስጠቱ ተራ በእርሱ ላይ ወደቀ። ሲጠየቅ ግን ብዙ ነገር እንዳላየ ተረዳ።

ፊልሙን ጽፎ ያዘጋጀው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ነው። በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካ በሰንዳንስ፣ ቀጥሎም በበርሊን የፊልም በዓላት ላይ ቀርቦ በሁለቱም የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። የታሪኩ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ በእውነት የደረሰ ነገር ነው። ሂሩት የተባለች የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ጠልፈው ይወስዷታል። ጠላፊው በኀይል ከደፈራት በኋላ፣ ጠመንጃ አንሥታ ለማምለጥ ትሮጣለች፤ ሲደርሱባትም ተኩሳ ሚስቱ ሊያደርጋት ያሰበውን ያንኑ ሰው ትገድላለች። ነፍስ በማጥፋትም ትከሰሳለች። መዓዛ አሸናፊ የምትባል ጠበቃ ከአዲስ አበባ ወርዳ ልጅቱ የተኮሰችው ራስዋን ለመከላከል ነው ስትል ትሟገትላታለች። ሂሩትን ሆና የተጫወተችው ትዝታ ሀገሬ፣ ጠበቃዋን ሆና የተጫወተችው ሜሮን ጌትነት ናት። በመጨረሻ ሂሩት በነጻ ትለቀቃለች።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ፍርዱ ከታወቀ በኋላ ምን ቀረ? ትሉ ይሆናል።

አያቶቻችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበራቸው። በድሮ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቆራኝተው እየሄዱ መንገደኛውን አስቁመው ‹‹ፍረደን›› ይሉት ነበር። ‹‹በላ ልበልሃ›› እየተባባሉ በግጥምና በምሳሌ ሲሟገቱ፣ ሥራ ፈቱ ብቻ ሳይሆን ሥራ ያለውም ሰው ቆሞ ያዳምጣል። ማታ በምድጃ ዳር፣ ማን እንደተረታ ሁሉም የሚያውቀው ያ ሙግት እንደገና ይወራል። አድማጩ ውጤቱን ለማወቅ ስለማይጓጓ ጆሮው ነጻ ነው፤ ማን ምን እንዳለ፣ የትኛው ነገር እንዳዳለጠው፣ የትኛው ምስክር ዝም እንዳለ ይከታተላል። የችሎት ፊልምንም መድገም እንደዚህ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ስለ ልጅቱ እንፈራለን። የፈራ ሰው ደግሞ አጥርቶ አይሰማም።

ጎረቤቲቱ በመጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ሽማግሌዎቹ ነው። በፊልሙ ውስጥ የመንደሩ ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር ተሰብስበው ስለ ነገሩ ይመክራሉ። ‹‹እነዚህ ዳኞች ናቸው?›› አለች። የቤቱ አባወራ ‹‹የለም፣ ሽማግሌዎች ናቸው›› ብሎ መለሰላት። ‹‹ታዲያ ስለምን ይፈርዳሉ? ልጅቱስ የት አለች?›› አለችው። ነገሩ የሚነካው እርስዋን ሲሆን በሸንጎው ላይ አልነበረችም። ከዛፉ ሥር የተቀመጡት ሁሉ ወንዶች ናቸው። ጸሐፊው በመጀመሪያው ጊዜ ይህን ትዕይንት በንዴት ብቻ አይቶት ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ግን የሽማግሌዎቹን ጭንቀትም ሰማ። ሁለት ቤተ ሰቦች ደም ተቃብተው በአንድ መንደር ሊኖሩ ነው፤ ሽማግሌዎቹ የሚፈልጉት ደሙ በዚያው እንዲቆም ነው። ሸንጎው የቆመው ስለ ሰላም ነበር። ስለ ልጅቱ የቆመ ግን አልነበረም። እነዚህ ሁለት ነገሮች ባንድነት እውነት መሆናቸውን ለማየት ከአንድ ጊዜ በላይ ማየት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ደግሞ ከዚህ የከበደ ነበር። ‹‹ጠላፊው ባይሞት ኖሮ ምን ይደርስበት ነበር?›› አለች።

መልሱን ለማግኘት የሕግ መጽሐፍ መግለጥ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ይህ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ነው ይላል። ነገር ግን የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን ፈቅዳ ካገባችውና ጋብቻው ከጸና ክሱ ይቀራል። እንግዲህ አስቡ፤ በጠላፊዋ ቤት የተዘጋባት ልጅ ‹‹ፈቅጃለሁ›› ብትል ፈቃድዋ በምን ይታወቃል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ለወንድ 18 ዓመት፣ ለሴት ግን 15 ዓመት ለጋብቻ ይበቃል ይል ነበር።

ፊልሙን አንድ ጊዜ ብቻ ያየ ሰው ‹‹ባህል በዚህ፣ ሕግ በዚያ ቆመው ተጣሉ›› ብሎ ይሄዳል። የዚህ ምንባብ ጸሐፊም እንደዚያ ብሎ ነበር የሄደው። ይሁን እንጂ የሕግ መጽሐፉ ራሱ ለጠላፊ አንድ በር ከፍቶለት ነበር። ሽማግሌዎቹ ነገሩን በዕርቅና በጋብቻ ሊጨርሱ ሲነሡ የሚገቡት በዚያው በር ነው። ጠበቃዋም በፊልሙ ውስጥ የምትጋጨው ከሽማግሌዎች ጋር ብቻ አይደለም። ከፖሊስ ጣቢያ እስከ ፍትሕ ሚኒስቴር ድረስ የምትታገለው ሕግ ከሚያስፈጽሙት ሰዎች ጋር ነው። ችሎቱ ራሱ የሚታየው ለጥቂት ጊዜ መሆኑንም ልብ በሉ። አብዛኛው ሙግት የሚደረገው በደጅ፣ በቢሮና በመንገድ ላይ ነው።

ያ በር በኋላ ተዘግቷል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 587 ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ በኋላ የሚደረግ ጋብቻም ከቅጣት አያድነውም። በፊልሙ የምናያት መዓዛ አሸናፊ በእውነተኛው ሕይወትዋ በ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ስትሆን፣ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆና ሠርታለች። ሕጉ ስለ ተለወጠ ግን ጠለፋ ከአገሩ ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም።

ጎረቤቲቱ ይህን ስትሰማ ‹‹የእኛም አገር ዳኞች እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸዋል›› አለች። በኡጋንዳ ሙሽራው ለልጅቱ ወላጆች የሚሰጠው ጥሎሽ አለ። ጋብቻው ሲፈርስ ጥሎሹ ይመለስ የሚል ልማድ ስለነበር፣ ብዙ ሴቶች የሚመልሱት በማጣት በማይፈልጉት ትዳር ታሥረው ይኖሩ ነበር። ሚፉሚ የተባለ የሴቶች መብት ድርጅት ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 በሰጠው ፍርድ ጥሎሹን ሳይከለክል ‹‹ይመለስ›› ማለቱን ግን ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ሲል ሻረው። ዳኞቹ ልማዱን በጠቅላላው ሳይነቅሉ አንዱን ሥር ብቻ ቈረጡ። ጎረቤቲቱ በዚህ ፍርድ አልረካችም፤ የቤቱ አባወራ ግን ብልህ ፍርድ ነው አለ። ክርክሩ ፊልሙን አስቁሞት ሻይ እስኪቀርብ ድረስ ቆየ።

ከሻይ በኋላ የቤቱ ልጅ ተራ ደረሰ። ካምፓላ ተወልዳ አማርኛን በቤትና በቅዳሜ ትምህርት የተማረች የ15 ዓመት ልጅ ናት። ‹‹የፊልሙ ስም ምን ማለት ነው?›› አለች። አባትዋ ‹‹ጀግንነት፣ አለመፍራት›› አላት። እናትዋ ‹‹እርሱ ብቻ አይደለም›› አለችና ዝም አለች። ዝምታው ለልጅቱ አልገባትም ነበርና ነገሩን ማስረዳት ግድ ሆነ። ደፈረ ማለት ሳይፈራ ቀረበ፣ ተጋፈጠ ማለት ነው። ድንበር ደፈረ፣ ሕግ ደፈረ ስንል ግን የተከለከለውን ጣሰ ማለታችን ነው። ሴት ደፈረ ሲባል ደግሞ የሚሰማው ነውር ነው። (ደፈረሰ ከሚለው ግሥ ጋር እንዳታቀላቅሉት፤ እርሱ ሌላ ነው።) በፊልሙ ርእስ ውስጥ በልጅቱ ላይ የተፈጸመው ግፍና ልጅቱ ያሳየችው ወኔ በአንድ ቃል ተጠቅልለዋል። እንግሊዝኛው ይህን ሊያሳይ አልቻለም።

ልጅቱ ጥቂት አስባ ‹‹እንግዲያው እማማ ደፋር ስትለኝ ስድብ ነው ወይስ ምስጋና?›› ብላ ጠየቀች። ማንም ቶሎ አልመለሰላትም። አባትዋ ‹‹ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም›› ብሎ ሊያስቅ ሞከረ። እናትዋ አልሳቀችም።

ፊልሙን ለሦስተኛ ጊዜ የሚያይ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይዞ መቀመጥ አለበት። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ተመልካቹ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከፍርድ ቤት በመጣ እግድ ምክንያት ሳይታይ ቀረ። ታሪኩ የደረሰባት ሴት ፈቃዴ ሳይጠየቅ ታሪኬ ተሠራ የሚል አቤቱታ ነበራት። እግዱ በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ በአገር ውስጥ ታይቷል። ሆኖም ይህን የሚያውቅ ተመልካች ሂሩት ዝም በምትልባቸው ትዕይንቶች ላይ ዓይኑ ይቆያል። ሽማግሌዎች ስለ እርስዋ ተናገሩ፤ ዐቃቤ ሕግና ጠበቃ ስለ እርስዋ ተናገሩ፤ ፊልም ሠሪውም ስለ እርስዋ ተናገረ። በጸሐፊው አስተያየት ፊልሙ መልካም ሥራ ነው፤ ያቺ ሴት ያነሣችው ጥያቄም ተገቢ ነው።

በዚያ ማታ ሻይ ሲፈላ የተቋረጠው ክፍል ስላመለጣት ልጅቱ ፊልሙን ወደ ኋላ መልሳ ከዛፉ ሥር ካለው ሸንጎ ጀመረችው። ጎረቤቲቱም ለመሄድ ተነሥታ የነበረችው ተመልሳ ተቀመጠች።

መልመጃ

ሀ. ‹‹ደፈረ›› የሚለውን ግሥ በሦስት የተለያዩ ፍቺዎቹ እያስገባችሁ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ። ‹‹ደፋር›› የሚለው ቃል ለወንድ ልጅና ለሴት ልጅ ሲነገር በአካባቢያችሁ አንድ ዓይነት ትርጉም ይሰጣል? ታላላቆቻችሁን ጠይቃችሁ ያገኛችሁትን በክፍል ውስጥ ተናገሩ።

ለ. በክፍላችሁ ሁለት ወገን ሁኑ። አንደኛው የሽማግሌዎቹን፣ ሁለተኛው የጠበቃዋን ነገር ይዞ ይሟገት። ከጨረሳችሁ በኋላ ወገን ተለዋውጣችሁ ሙግቱን እንደገና ጀምሩ።

ሐ. በሁለቱም ሙግቶች ውስጥ ሂሩትን ሆኖ የሚናገር ሰው ነበረ? ካልነበረ እርስዋ በሸንጎው ፊት ብትቆም ትለው የነበረውን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።