የእንፋሎት ባቡር ፊዚክስ፦ ከለገሃር እስከ ምን አለሽ ተራ

በመርካቶ ምን አለሽ ተራ ያረጀ ብረት በኪሎ ተመዝኖ ይሸጣል፤ የተጣለው በርሜልም ምድጃ ሆኖ ይወጣል። ይህ የሚደነቅ ጥበብ ነው። ይሁን እንጂ ከብረቱ ይልቅ አሠራሩ የላቀ ዋጋ ያለው መሣሪያም አለ። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የእንፋሎት ባቡር ነው። በዚህ ጽሑፍ የባቡሩን ፊዚክስ መርምረን፣ አሮጌ ባቡርና ሐዲድ ለምን በቅርስነት ሊጠበቅ እንደሚገባው እንመለከታለን።

የመስመሩ አጭር ታሪክ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተጀመረው ሥራ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነው። «ለገሃር» የሚለው ስምም «ጣቢያው» የሚል ትርጉም ካለው የፈረንሳይኛ ቃል የተገኘ ነው።

እንፋሎት እንዴት ባቡር ይጎትታል?

በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ያነሰ ስለሆነ፣ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ 92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ይፈላል። በባቡሩ ማፍያ (ቦይለር) ውስጥ ግን እንፋሎቱ መውጫ ስለማያገኝ ግፊቱ ያድጋል፤ የመፍያ ነጥቡም ከፍ ይላል። ግፊቱ ከውጭው አየር በ12 ባር ሲበልጥ የውኃው መጠነ ሙቀት ወደ 190 ዲግሪ ይደርሳል።

ይህ እንፋሎት ወደ ሲሊንደር ገብቶ ፒስተኑን ይገፋል። የፒስተኑ ዲያሜትር 40 ሴንቲ ሜትር ነው ብንል ስፋቱ 0.126 ካሬ ሜትር ይሆናል። ጉልበት የግፊትና የስፋት ብዜት ስለሆነ፦

1,200,000 × 0.126 = 150,000 ኒውተን ያህል

ይህም 15 ቶን ከሚመዝን ዕቃ ክብደት ጋር የሚተካከል ነው። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በጭስ ማውጫው ሲወጣ ጭሱን ይዞ ስለሚሄድ፣ በምትኩ አዲስ አየር ወደ እሳቱ ይሳባል። ባቡሩ በፈጠነ ቁጥር እሳቱ የሚበረታው ስለዚህ ነው።

ብቃቱና ድክመቱ

በቴርሞዳይናሚክስ ሕግ መሠረት በ463 እና በ365 ኬልቪን መካከል የሚሠራ ሞተር ብቃቱ ከ21 በመቶ ሊበልጥ አይችልም። የእንፋሎት ባቡር ደግሞ በተግባር ከ10 በመቶ በታች ነው የሚያገኘው። የቀረው ሙቀት በጭስ ማውጫው ይባክናል። በዚያ ላይ ብዙ ውኃ ይፈልጋል፤ በጅቡቲና በድሬዳዋ መካከል ባለው ደረቅ ቆላ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1940ዎቹ ዓ.ም. የናፍጣ ባቡር ቦታውን መውሰዱ የሚያስገርም አይሆንም።

ከቁርጥራጭ ብረትነት የተረፉ

በብሪታንያ የመንግሥቱ ባቡር ድርጅት በዋና መስመሮቹ የእንፋሎት ባቡር መጠቀም ያቆመው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። በእንግሊዝ ሰሴክስ የሚገኘውን የብሉቤል መስመር ግን በጎ ፈቃደኞች ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጉብኝት አገልግሎት ከፍተውታል። በዌልስ በባሪ ከተማ የነበረ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴም አስቀድሞ የዕቃ ፉርጎዎችን መቆራረጥ ስለመረጠ፣ በግቢው የቆሙ 213 ባቡሮች ገዢ አግኝተው ተረፉ። ብዙዎቹም ታድሰው እንደገና ሐዲድ ላይ ወጥተዋል።

በእኛ አገር በአሮጌው መስመር ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የነበረው አገልግሎት በ2000 ዓ.ም. ገደማ ተቋርጧል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ መስመር ስፋቱ 1.435 ሜትር ስለሆነ አሮጌዎቹ ባቡሮች ሊሄዱበት አይችሉም። ስለዚህ ባቡሩን ብቻ አስቀምጦ ሐዲዱን መንቀል፣ መጽሐፉን ይዞ ፊደሉን እንደ መርሳት ነው። አጭር የሐዲድ ክፍል፣ የድሬዳዋ የጥገና ወርክሾፕ መሣሪያዎችና የአንጋፋ ሠራተኞች ሙያ አብረው ሊጠበቁ ይገባል። የቀለጠ ብረት አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ የቆመ ባቡር ግን ትውልድ ያስተምራል።

መልመጃ

1. የፒስተኑ ዲያሜትር በእጥፍ ቢያድግ፣ ግፊቱ ሳይለወጥ ጉልበቱ ስንት እጥፍ ይሆናል?

2. 100 ቶን የሚመዝን ባቡር ከባሕር ጠለል ተነሥቶ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ለመድረስ የስበትን ጉልበት ለማሸነፍ ብቻ ስንት ጁል ሥራ ያስፈልገዋል? ብቃቱ 7 በመቶ ቢሆንስ ከማገዶው ስንት ጁል መገኘት አለበት?