በሐረር ቤቶች ከማገዶ የሚነሣውን አመድና አቧራ ስለ መከላከል

ማለዳ የተጠረገ ቤት ማታ አመድ ለብሶ የሚገኝ ከሆነ፥ ጉድለቱ የመጥረጊያው አይደለም፥ የምድጃው ነው እንጂ። ይህን ትምህርት ለክልልና ለወረዳ ሹማምንት፥ ቤትም ለሚያከራዩ ባለቤቶች ያቀረብነው፥ አቧራው ገና ከሚወለድበት ስፍራ እንዲያዝ ለማድረግ ሥልጣኑና አቅሙ በእጃቸው ስላለ ነው።

ሐረር ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተመሠረተች ከተማ ናትና፥ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ብርድ የጸናበት ሰው የከሰል ማንደጃውን ወደ መኝታው ያስገባል። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በጀጎል ግን፥ የጥንቱ ቤት አሠራር ማድ ቤቱን ከመኖሪያው ለይቶ በግቢው ውስጥ ያኖረው ነበረ። በዋናው ክፍል ያሉት ነደባዎች፥ ምንጣፎችና በግድግዳ የተሰቀሉት ስፌቶች ሁሉ አቧራ የሚያርፍባቸው ስለ ሆኑ፥ ይህ የአባቶች ሥርዓት የማስተዋል ሥራ ነው። ዳሩ ግን ቤት ተከፋፍሎ ለብዙ ተከራዮች በተሰጠ ጊዜ፥ አንዱ ክፍል መኝታም ማድ ቤትም ይሆናል፤ ጉዳቱም ከዚህ ይጀምራል።

ከእሳት የሚነሣው ብናኝ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ለዓይን የሚታየው አመድ ሲሆን፥ አብዛኛው በአፍንጫና በጉሮሮ ይቀራል። ሁለተኛው በጭስ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ ነው፤ ይህም ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጥ፥ ከራስ ጠጉር ውፍረት ወደ 30 እጥፍ የሚያንስ ስለ ሆነ እስከ ሳንባ ጥልቀት ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፥ በአውሮጳ አቆጣጠር በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237,000 የሚበልጡት ዕድሜያቸው 5 ዓመት ያልሞላ ሕፃናት ናቸው።

ከሰል ጭሱ ጥቂት ስለ ሆነ ጉዳት የለውም ብሎ ማሰብ ትልቅ ስሕተት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው፥ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ ከፍሙ ይወጣል፤ በተዘጋ ክፍል የተኛውንም ሰው ሳያነቃ ይገድለዋል።

በአውሮጳና በአሜሪካ፥ ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ እንደ ጥራጥሬ የተሠራ ማገዶ የሚነድበት ምድጃ አለ። ጭሱ በቧንቧ ወደ ውጭ ቢወጣም፥ ማገዶው ሲጨመር ከከረጢቱ ሥር ያለው ዱቄት ይቦናል፤ አመዱም ሲወጣ ወደ ቤት ይበተናል። ከዚህ የምንማረው ምድጃው የቱንም ያህል ቢሻሻል፥ አያያዙ ካልታረመ አቧራው እንደማይቀር ነው። በእኛም አገር ከቡና ገለፈትና ከከሰል ድቃቂ የሚጨመቀው ማገዶ ሊስፋፋ የሚገባው ነው፤ ነገር ግን የቡና ገለፈት ከእንጨት ይልቅ ብዙ አመድ ስለሚተው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ስለዚህ ከዚህ በታች የተጻፈውን ለሕዝብ ማስተማር ይገባል።

1ኛ፤ ማገዶ ከዝናብና ከርጥበት ተጠብቆ ይድረቅ፤ እርጥብ እንጨት ጭሱ ብዙ፥ ሙቀቱ ጥቂት ነውና።

2ኛ፤ የከሰልና የተጨመቀ ማገዶ ድቃቂ በደጅ በወንፊት ይለይ፤ ምድጃውም በግቢ ይቀጣጠል። በአፍ እፍ ማለት አመዱን ወደ ፊትና ወደ ዕቃ ይበትነዋል።

3ኛ፤ በተኙበት ክፍል የከሰል ፍም ፈጽሞ አይደር።

4ኛ፤ አመድ በክዳን ባለው የብረት ዕቃ ይውጣ። ፍም በአመድ ውስጥ ተሸሽጎ ከአንድ ቀን በላይ ሊቆይ ይችላልና፥ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ከጆንያና ከእንጨት አጠገብ አይቀመጥ።

5ኛ፤ ወለል ጥቂት ውኃ ተረጭቶ ይጠረግ፤ ነደባው በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፤ ምንጣፍና ስፌት በደጅ ይራገፍ።

6ኛ፤ ለእንጀራ መጋገሪያ ምርጥ የተባለው ምድጃ ይመረጥ፤ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶውን እስከ ግማሽ ሊቆጥብ ይችላልና።

ንጹሕ የእንጨት አመድ ፖታሽና ኖራ ስላለበት፥ መሬቱ አሲዳማ በሆነበት አትክልት ላይ በስሱ ቢበተን ይጠቅማል። ከዩሪያ ወይም ከትኩስ ፍግ ጋራ ግን አይደባለቅ፤ የማዳበሪያው ኃይል በአየር ይጠፋልና።

ባለቤቶችም ክፍል ከማከራየታቸው አስቀድሞ በግቢው የጋራ ማድ ቤትና የጭስ መውጫ ማዘጋጀት ይገባቸዋል። በጀጎል ውስጥ ሲሆን፥ ጥንታዊው ግንብ እንዳይጎዳ የቅርስ ጥበቃን ክፍል አስቀድመው ያማክሩ። ሹማምንትም ቤት ሲጎበኙ የግድግዳውን ማማር ብቻ አይተው እንዳይመለሱ፥ ምድጃው የት እንደ ተቀመጠና ጭሱ በየት እንደሚወጣ ይመርምሩ። ለኪራይ ገንዘብ ሲባል መስኮት የሌለው ክፍል ማድ ቤት እንዲሆን የፈቀደ ሰው፥ በዚያ ለሚያድጉት ሕፃናት ትንፋሽ ተጠያቂ ነው።