ጀማሪው ይሰለፍ ወይስ ነባሩ?

እዚህ ውድብሪጅ በእረፍት ሰዓት ስለ ዋሽንግተን የፉትቦል ቡድን ስትከራከሩ እንሰማለን። ክርክሩ ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው! ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን በዚሁ ጉዳይ ላይ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ሳምንት በአማርኛ ትከራከራላችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዛሬ ቃላት

ጀማሪ፦ ሥራውን ገና የያዘ፤ በፉትቦል «ሩኪ» የሚባለው።
ነባር፦ ብዙ ዓመት የሠራ፣ ልምድ ያለው።
ማሰለፍ፦ ተጫዋችን ከጨዋታው መጀመሪያ ጀምሮ ሜዳ ማስገባት።
ተጠባባቂ፦ ዳር ሆኖ ተራውን የሚጠብቅ።

ፉትቦል ለማትከታተሉ ወላጆች፦ ኳርተርባክ ማለት ኳሷን ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውራት በሁለት ሦስት ሴኮንድ ውስጥ የሚወስነው ተጫዋች ነው። ያን ሲያስብ ግዙፍ ሰዎች ሊጥሉት ይሮጡበታል። ጎበዝ ልጅ ከኮሌጅ ሲመጣ አሰልጣኙ ይጨነቃል፦ አሁኑኑ ላሰልፈው ወይስ ከነባሩ ሥር ሆኖ ይማር?

«ነባሩ ይሰለፍ» የሚሉ

እነዚህ ሰዎች አሌክስ ስሚዝን ይጠቅሳሉ። በ2005 ሳንፍራንሲስኮ ከጀማሪዎች ሁሉ አስቀድሞ መረጠው፤ በዚያው ዓመትም አሰለፈው። ልጁ በዓመቱ ውስጥ ለተችዳውን ያቀበለው 1 ኳስ ብቻ ሲሆን፣ 11 ኳሶች ተቃራኒዎቹ ነጠቁት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሏል ይሄ ነው። ይኸው ስሚዝ በ2017 በካንሳስ ሲቲ ነባር ሆኖ ሲጫወት፣ ጀማሪው ፓትሪክ ማሆምስ ተጠባባቂ ሆኖ ተቀመጠ። የተሰለፈው በመጨረሻው ጨዋታ ብቻ ነበር። በ2018 ተራው ሲደርስ ግን 50 ተችዳውን አቀብሎ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

«ጀማሪው ይሰለፍ» የሚሉ

አማርኛችን «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል። ጄይደን ዳኒየልስ ያቦካው ግን በቅቷል! ዋሽንግተን በ2023 ያሸነፈው 4 ጨዋታ ብቻ ነበር። በ2024 ዳኒየልስን በ2ኛነት መርጦ ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ አሰለፈው፤ 12 አሸንፎ 5 ተሸነፈ። በጥሎ ማለፉም ታምፓ ቤይንና ዲትሮይትን በሜዳቸው ረታ፤ የቆመው ፊላደልፊያ ላይ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ልጨምረው። ከ2011 ጀምሮ የጀማሪዎች ደመወዝ በስምምነት የተገደበ ነው። ሮበርት ግሪፈን በ2012 ለ4 ዓመት የፈረመው ወደ 21 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከእሱ ጋር በአንድ ዓመት ዋሽንግተን የገባው ከርክ ከዝንስ፣ ነባር ከሆነ በኋላ በ2018 ከሚኒሶታ ጋር ለ3 ዓመት 84 ሚሊዮን ፈረመ። ጀማሪ ርካሽ ስለሆነ ቡድኖች ይቸኩላሉ።

ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

ግሪፈንም እንደ ዳኒየልስ በ2ኛነት የተመረጠ ጀማሪ ነበር። በመጀመሪያ ጨዋታው ኒው ኦርሊንስን 40 ለ 32 አሸነፈ። ዲሴምበር 9 ቀን 2012 ግን ከባልቲሞር ጋር ሲጫወት ጉልበቱን ተጎዳ። ተጠባባቂው ከዝንስ ገብቶ ቡድኑን ታደገ፤ በሳምንቱም ክሊቭላንድን 38 ለ 21 ረታ። ጃንዋሪ 6 ቀን 2013 ላንዶቨር ላይ ከሲያትል ጋር በተደረገው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ግሪፈን እያነከሰ ተጫወተ። ከዝንስ ዳር ቆሞ ነበር፤ ቶሎ ግን አላስገቡትም። በመጨረሻው ሩብ የግሪፈን ጉልበት ከዳው። ቡድኑ 24 ለ 14 ተሸነፈ፤ ልጁም ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ከዚያ በኋላ እንደዚያ ዓመት ሆኖ አልተጫወተም።

ዳኒየልስ ደግሞ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ከካሮላይና ጋር ሲጫወት ጎድኑን ተጎዳና ወጣ። ነባሩ ማርከስ ማሪዮታ ገባ፤ 40 ለ 7 አሸነፉ። በሳምንቱ ዳኒየልስ ተመልሶ በመጨረሻዋ ሴኮንድ በወረወራት ረጅም ኳስ ቺካጎን 18 ለ 15 አሸነፈ።

አያችሁ ልጆች? ሁለቱም ጀማሪዎች ነበሩ፣ ሁለቱም ከመጀመሪያው ተሰልፈዋል። አንዱ ሲጎዳ «በቃ፣ አንተ ውጣ፣ እኔ ልግባ» የሚለው ነባር ነበረው፤ ሌላው ተጠባባቂ እያለው ብቻውን ተተወ። ስለዚህ የእኔ መልስ፦ የተዘጋጀ ጀማሪ ይሰለፍ፤ ሲከብደው የሚተካው ሰው ግን አጠገቡ ይኑር።

ለወላጆች አንድ ቃል

ውድ እናቶችና አባቶች፣ በቤታችንም ጀማሪ እናሰልፋለን። በታክስ ወቅት የአሥር ዓመት ልጅ በአባቱና በሂሳብ ሠራተኛው መካከል ቁጭ ብሎ ስለ ዕዳ ሲያስተረጉም አያለሁ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ አባትም ይኮራል። ቀላሉን ነገር ማስተርጎሙ ሁለቱንም ቋንቋ ያጠነክርለታል። የእናቱን ሕመም ለሐኪም ማስረዳት ግን ከጉልበቱ በላይ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታቸው ነውና ጠይቁ። ልጁ ያን ዕለት ተጠባባቂ ይሁን።

የቤት ሥራ

1. የግሪፈንንና የከዝንስን ውል በዓመት አካፍሉ። ልዩነቱ ስንት ነው?
2. «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ማለት ምን ማለት ነው? ወላጆቻችሁን ጠይቃችሁ ጻፉ።
3. አሰልጣኝ ብትሆኑ ጃንዋሪ 6 ቀን 2013 ማንን ታሰልፉ ነበር? ለምን? አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

መልሳችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ክርክሩ በአማርኛ ነው። ደህና ሰንብቱ!