ሴራሚኩ ባዶ ሲጮህ፦ በመተማ ቆላ የሻወር ቤት እድሳት ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

እድሳቱ ባለቀ ቀን ሻወር ቤት ሁሉ ያምራል። ሴራሚኩ ያብረቀርቃል፣ ግንበኛው እጁን ታጥቦ ቀሪ ሂሳቡን ይጠብቃል፣ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይቆጥርለታል። ሴራሚክ ግን ጉዱን ከሥሩ ይዞ የሚቆይ ነገር ነው። ክረምቱ ገብቶ ወለሉ ሲሰነጠቅ ግንበኛው የት እንዳለ አይታወቅም። ሰሊጥ አጨዳ ከደረሰ ደግሞ ቢታወቅም አይመጣም። ስለዚህ ፍተሻው ቀሪው ብር ኪሳችሁ ሳለ ይሁን።

በመተማ ዮሐንስ፣ በገንዳ ውኃ፣ በኮኪትና በሽንፋ ሻወር ቤት የሚያበላሹ ሁለት ነገሮች ከግንበኛው እጅ ጋር አብረው ይሠራሉ፤ ሙቀቱና ዋልካው። የትኛው ጥፋት የማን እንደሆነ ሳትለዩ ጠብ አትጀምሩ።

አንደኛ፦ በውሃ ፈትኑ። የወለሉን መውረጃ በጨርቅ አጥብቃችሁ ወትፉና ወለሉ ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ውሃ አቁሙ። የደረሰበትን ጠርዝ በእርሳስ ምልክት አድርጉበትና 24 ሰዓት ተዉት። በደጋ ከተማ ይኼ ብቻ ይበቃ ነበር። እዚህ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ውሃው ሳይፈስም በትነት ይጎድላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በዚያው ክፍል አንድ ሳፋ ላይ ያንኑ ያህል ከፍታ ያለው ውሃ አስቀምጡ። በማግሥቱ ወለሉ ከሳፋው ይልቅ ከጎደለ ከሥር የሚያፈስ ነገር አለ።

ውታፉን ስታነሡም አትሂዱ። ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ውሃ ያቆረ ቦታ ፈልጉ። ወለሉ በአንድ ሜትር ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ መውረጃው ማዘንበል አለበት፤ ውሃ ልክ ቢጋደምበት ይታያል። ወደ በሩ ያዘነበለ ሻወር ቤት ብዙ አይቻለሁ፤ ግንበኛው ጀርባውን ለመውረጃው ሰጥቶ የሠራ ይመስላል።

ቀጥሎ ሳንቲም ይዛችሁ እያንዳንዱን ሴራሚክ አንኳኩ። የሞላው ደፈን ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ባዶው ይጮኻል። ባዶውን በጠመኔ ምልክት አድርጉበትና ፎቶ አንሡ። ለቧንቧው ደግሞ ማታ ሁሉንም ዝጉና የቆጣሪውን ቁጥር ወይም የሮቶውን የውሃ ከፍታ መዝግቡ፤ ማንም ሳይጠቀም ጠዋት ተለውጦ ከተገኘ መስመሩ ያፈሳል። ፒፒአር ቧንቧ በ260 ዲግሪ በጋለ ብረት ይበየዳል። መብራት ሲዋዥቅ ብረቱ በቅጡ ሳይግል የተያያዘ መጋጠሚያ ውሎ አድሮ ይለቃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት መጋጠሚያውን ነው።

ሁለተኛ፦ ምክንያቱን ለዩ። ባዶ የሚጮኹት ሴራሚኮች እዚህም እዚያም ከተበተኑ ጉዳዩ የእጅና የሙቀት ነው። ግንበኛው ብዙ ቡኬት በአንድ ጊዜ ያቦካል፣ በሙቀቱ ይጠነክርበታል፣ ውሃ ጨምሮ ያላላዋል። እንዲያ የላላ ቡኬት አይዝም። ውሃ የሚመጥ የግድግዳ ሴራሚክ ሳይነከር ከተለጠፈም የቡኬቱን ውሃ ጠጥቶ ያደርቀዋል።

ስንጥቁ ሴራሚኩን ሰንጥቆ በግድግዳው ላይ በሰያፍ ከቀጠለ ግን መሬቱ ተንቀሳቅሷል። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ከወለሉ ሥር የሚያፈስ ቧንቧም ዋልካውን አርሶ ያሳብጠዋል። ስለዚህ የቧንቧው ፍተሻ ሳያልቅ መሬቱ ላይ አትፍረዱ።

ሦስተኛ፦ ግንበኛውን አነጋግሩት። በምልክቱ ፊት አቁማችሁ፣ ሳንቲሙን በእጁ ሰጥታችሁ ራሱ ያንኳኳ። ሠራተኞቹ ፊት አታዋርዱት፤ ክብሩን የተነካ ሰው ሥራውን ሳይሆን ራሱን ነው የሚከላከለው። «ወንድሜ፣ ይኼ የአፈሩ ጠባይ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?» ማለቱ አይቀርም። መልሱ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 ላይ አለ፤ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ኃላፊ ነው፣ በመሬቱ ጠባይ ምክንያት ለሚደርሰው ብልሽት ጭምር። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ውልም አይጸናም።

ይህ ግን ሥራውን በቁርጥ ለተዋዋለ ነው። በቀን ሒሳብ ቀጥራችሁ «እዚህ ጋ ለጥፍ፣ እዚያ ጋ ቁረጥ» ስትሉ ከዋላችሁ ክርክሩ ይከብዳችኋል። የተስማማችሁበትን ጥገና፣ ቀኑንና የዕቃውን ወጪ የሚሸፍነውን በአንድ ወረቀት ጻፉና ሁለት ምስክር አስፈርሙ። እምቢ ካለ ሽማግሌ፣ ሽማግሌው ካልያዘ ፍርድ ቤት።

አራተኛ፦ ጥገናውን ከሥር አስጀምሩ። ስንጥቁን በነጭ ሲሚንቶ ቀብቶ «አለቀ» የሚል ጥገና አትቀበሉ። ቅደም ተከተሉ ቧንቧ፣ ከዚያ ወለል፣ ከዚያ ሴራሚክ ነው። ከወለሉ ሥር ዋልካ ከተገኘ ተቆፍሮ ይውጣና በገረጋንቲ እየተጠቀጠቀ ይሞላ። የፍሳሽ ቱቦው ከግድግዳ በሚወጣበት ቦታ በሲሚንቶ አይታነቅ፤ ከእሱ ሰፋ ባለ ቱቦ ቁራጭ ውስጥ ይለፍ፣ መሬቱ ሲነሣ እንዳይሰበር። ውጭ ፀሐይ ላይ የተጋደመ ፒቪሲ ደርቆ ስለሚሰባበር ይቀበር ወይም ይሸፈን።

ሲሚንቶ ነክ ሥራ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ይሠራ፣ ቡኬቱም በጥቂት በጥቂቱ ይቦካ። አዲሱን ወለል ሴራሚክ ሳይለጠፍበት የሰሊጥ ጆንያ አርሳችሁ አልብሱት፣ ሰባት ቀንም ጠዋት ማታ ውሃ አጠጡት። ጆንያ በዚህ አገር አይጠፋም፤ የሚጠፋው ትዕግሥት ነው።

ከቤቱ ጀርባ የሚንጠባጠበውንም «ትንሽ ነው» ብላችሁ አትለፉት። በወባማ ቆላ የቆመ ውሃ የቤተሰቡ ጤና ጉዳይ ነው።

ሁሉም ሲያልቅ መውረጃውን እንደገና ወትፉ፣ ሳፋውንም መልሱት። በማግሥቱ የወለሉና የሳፋው ውሃ እኩል ከጎደሉ ቀሪውን ብር ቁጠሩለት።