አልነሣ ያለ ሰርቨር

ሰርቨር ማለት አገልጋይ ማለት ነው። ለሌሎች ኮምፒዩተሮች የሚያገለግል ኮምፒዩተር ሰርቨር ይባላል። በላዩ ሆኖ አገልግሎቱን የሚሰጠው ፕሮግራምም እንደዚሁ ሰርቨር ይባላል። ሌሎቹ ሲጠይቁት ይሰጣል። ገጽ ቢጠይቁት ገጹን ያቀርባል፤ ሂሳብ ቢጠይቁት ሂሳቡን ያሳያል።

ሰርቨር በሩቅ አገር ሊሆን ይችላል። በአንድ ትምህርት ቤት ወይም በአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር ቢሮ ውስጥም ሊሆን ይችላል። በቢሮው ውስጥ ያለው ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። መብራት ካለና ኮምፒዩተሮቹ እርስ በርስ ከተገናኙ ይበቃዋል።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ይህ ሰርቨር አልነሣ አለ እንበል። እህል ያስገቡ አባላት ሂሳባቸውን ሊጠይቁ በር ላይ ተሰልፈዋል። ጸሐፊው ተጨንቋል። በዚህ ጊዜ «ሁሉንም አጥፍተን እንደ አዲስ እንጫነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ አደገኛ ምክር ነው። ፕሮግራሙ ቢጠፋ እንደገና ይጫናል። ሂሳቡ አብሮ ከጠፋና ቅጂ ከሌለው ግን ማን ስንት ኩንታል እንዳስገባ በምን ይታወቃል?

የወፍጮ ሞተር አልነሣ ሲል ባለሙያው ሞተሩን አይጥለውም። ናፍጣ አለው ወይ? አየር ገብቶበታል ወይ? ፊልትሮው ተደፍኗል ወይ? እያለ በተራ ይመረምራል። ሰርቨርም የሚጠገነው በዚሁ መንገድ ነው።

አንደኛ፣ መዝገቡን ማንበብ ይገባል። ሰርቨር የደረሰበትን ነገር በራሱ መዝገብ ይጽፋል። ይህ መዝገብ ሎግ ይባላል። መነሣት ሲያቅተው ምክንያቱን ብዙ ጊዜ እዚያው ያሰፍራል። የመጨረሻዎቹን መስመሮች ማየት ነው። ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው መስመሩን ሳያጓድል ገልብጦ ለሚያውቅ ያሳይ። «እምቢ አለኝ» ብቻ ብሎ መናገር ለጠጋኙ አይረዳውም።

ሁለተኛ፣ ቦታው አለመያዙን ማረጋገጥ ነው። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብዙ ፕሮግራሞች ይሠራሉ። ከውጭ ጥያቄ የሚቀበል ፕሮግራም የሚጠራበት ቁጥር አለው። ቁጥሩ ፖርት ይባላል፤ በገበያ እንዳለ መደብ ማለት ነው። ቁጥሮቹ እስከ 65,535 ይደርሳሉ። የድረ ገጽ ሰርቨር የተለመደ መደብ 80 ነው፤ መልእክቱ በምስጢር ሲላክ ደግሞ 443 ነው። በአንድ መደብ ላይ ሁለት ነጋዴ አይቀመጥም። ሌላ ፕሮግራም 80ን ቀድሞ ከያዘው፣ የእኛ ሰርቨር «አድራሻው ተይዟል» ብሎ ጽፎ ይቆማል።

ያዡ ማነው? አንዳንድ ጊዜ እንግዳ አይደለም። ትናንት በደንብ ሳይዘጋ የቀረው ያው ሰርቨር ራሱ ይሆናል። ኔትስታት የሚባለው ትእዛዝ ያዡን ለማወቅ ይረዳል። መፍትሔውም ሁለት ነው። ያዡ የማያስፈልግ ከሆነ እሱን ማቆም፤ የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ የእኛን ሰርቨር ወደ ሌላ ቁጥር፣ ለምሳሌ ወደ 8080፣ ማዛወር። መደብ የቀየረ ነጋዴ ለደንበኞቹ ይናገራል። እዚህም ተጠቃሚዎች አዲሱን ቁጥር ከአድራሻው ጋር እንዲጽፉ ይነገራቸው።

ሦስተኛ፣ የትእዛዝ ጽሑፉን ማየት ነው። ሰርቨር ሲነሣ እንዴት እንደሚሠራ የተጻፈለትን ያነባል። አንድ ፊደል ቢሳሳት ወይም አንድ ቅንፍ ሳይዘጋ ቢቀር አልሄድም ሊል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው አፓቼ የተባለው ሰርቨር እንዲህ ያለ ስህተት ሲያገኝ መስመሩን በቁጥር ይጠቁማል። ትናንት የሠራ ዛሬ እምቢ ካለ «ከትናንት ወዲህ ምን ተነካ?» ብሎ መጠየቅ መልካም ነው።

አራተኛ፣ ዲስኩ አለመሙላቱን ማየት ነው። ጎተራ ከሞላ እህል አይገባም። ዲስክም ከሞላ ሰርቨሩ የሚጽፍበት ቦታ ያጣል።

ማንኛውንም ነገር ከመንካት በፊት የሂሳቡን ቅጂ ወደ ሌላ ዕቃ ማውጣት ያስፈልጋል። ከዚያ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና መሞከር ነው። ሦስት ነገር አብሮ የለወጠ ሰው፣ ሰርቨሩ ቢነሣ እንኳ የቱ እንደጠቀመው አያውቅም። የተሠራውም በደብተር ይጻፍ። ለሚቀጥለው ጊዜ መድኃኒት ይሆናል።

የመጀመሪያውን የድረ ገጽ ሰርቨር እ.ኤ.አ. በ1990 የሠራው ቲም በርነርስ ሊ ነው። ቦታውም በጄኔቫ አጠገብ ያለው ሰርን የተባለ የምርምር ተቋም ነው። በኮምፒዩተሩ ላይ፣ ይህ ሰርቨር ስለሆነ እንዳይጠፋ የሚል የእጅ ጽሑፍ ተለጥፎበት ነበር። በእኛም ቢሮ እንዲህ ያለ ወረቀት ቢለጠፍ፣ ሳያውቅ ሶኬት የሚነቅለው ሰው ይቀንሳል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በችኮላ ከማጥፋት ቀስ ብሎ ማንበብ ይሻላል።

አዲስ ቃላት
ሰርቨር፦ ሌሎች ሲጠይቁት የሚሰጥ ኮምፒዩተር ወይም ፕሮግራም
ሎግ፦ ሰርቨሩ የደረሰበትን የሚጽፍበት መዝገብ
ፖርት፦ ፕሮግራም የሚጠራበት ቁጥር

ጥያቄዎች
1. ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ለምን አደገኛ ነው?
2. ፖርት በገበያ ካለ ምን ነገር ጋር ይመሳሰላል?
3. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ጥቅሙ ምንድን ነው?
4. በእናንተ አካባቢ የተበላሸ ዕቃ ሲጠገን መጀመሪያ ምን ይታያል? ተወያዩበት።