በጉሮሮ ሕመም ስለሚነሣው የልብ በሽታና ስለ ደሙ ምርመራ

በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬና በምዕራብ ጎጃም ባላገር ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው «እንጥሉ ወረደ» ብሎ ማስቆረጥ የቆየ ልማድ ነው። መቁረጡ ደም ከማፍሰስና ቁስል ከማመርቀዝ በቀር የሚያድነው ነገር የለም፤ ልጁንም ከሐኪም ያዘገየዋል።

ከጉሮሮ ሕመሞች አንዱን የሚያመጣው ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ተሐዋሲ ነው። በገባ ጊዜ ሰውነት የሚዋጋበትን ነገር፥ ማለት አንቲቦዲን፥ በደሙ ውስጥ ያሰናዳል። ነገር ግን በአንዳንድ ልጆች፥ ይልቁንም ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉት ላይ፥ ይህ ተከላካይ ኀይል ጠላቱንና ባለቤቱን መለየት ይሳነዋል። ጉሮሮው ከዳነ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ይነሣል፤ ጕልበት ያብጣል፤ እርሱ ሲሻለው ክርን ወይም ቍርጭምጭሚት ይያዛል፤ የልብም መዝጊያዎች ይቈስላሉ። መገጣጠሚያው ይድናል፤ ልብ ግን ጠባሳውን ይዞ ሊቀር ይችላል። ጉሮሮው በታመመ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ቢሰጥ ይህን ሁሉ ማስቀረት ይቻላል።

ሐኪም በዚህ ጊዜ ከሚያዝዛቸው ምርመራዎች አንዱ ኤ.ኤስ.ኦ. የተባለው ነው። ቶድ የተባለ ሊቅ በ1932 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ነው። ተሐዋሲው ቀይ የደም ሕዋሳትን የሚያሟሟ መርዝ ያወጣል፤ ምርመራውም ይህን መርዝ የሚያከሽፈው አንቲቦዲ በደም ውስጥ ምን ያህል እንደ ሆነ ይለካል። ላቦራቶሪዎች ብዙ ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር 200 ዩኒትን እንደ ወሰን ይይዛሉ፤ የልጆች ወሰን ግን ከዚህ ከፍ ሊል ይችላል።

መምህራን እንዲያስተውሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። ከፍ ያለው ቍጥር ተሐዋሲው በቅርብ ጊዜ ገብቶ እንደ ነበረ ይመሰክራል እንጂ ልብ እንደ ታመመ አይናገርም። የጉሮሮ ሕመም በሚበዛበት አገር ጤነኛ ተማሪም ቢመረመር ቍጥሩ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ጕልበቱን ያመመው ሽማግሌ ስለ ወረቀቱ ብቻ በየወሩ ፔኒሲሊን ቢወጋ (እንዲህ ያለውንም አይተናል) ከንቱ ድካም ነው። በአንጻሩ፥ እጇና ፊቷ ያለ ፈቃዷ እየተወራጨ ጽሕፈቷ የተበላሸባት ተማሪ ቍጥሯ ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ይህ ዐይነቱ ሕመም ከጉሮሮው በኋላ ወራት ዘግይቶ ስለሚመጣ የደሙ ምስክር ቀድሞ ይጠፋል። መምህሯ «ባለጌ ሆነች» ብሎ እንዳይቀጣት አደራ እንላለን። ሐኪሙም ቍጥሩን የሚያነበው ከትኩሳቱ፥ ከመገጣጠሚያውና ከልቡ ድምፅ ጋር አስተያይቶ ነው።

በሽታው ለተረጋገጠበት ልጅ ግን በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለብዙ ዓመታት መቋረጥ የለበትም። ከባላገር ለሚመጣው ልጅ ቀጠሮው በገበያ ቀን ቢሆን ለወላጆቹ ይቀላል።