ማርያም ግምብ፦ ጠቡ ያለፈበት፣ ጥበቡ የቀረበት ቤተ ክርስቲያን

ሳሊተ ምሕረት አካባቢ የምትኖሩ ተማሪዎቼ ሰፈራችሁን በቤተ ክርስቲያኗ ስም ትጠሩታላችሁ። የታክሲ ረዳቱ «ሳሊተ ምሕረት!» እያለ ሲጣራ በየቀኑ ግእዝ ይናገራል። ሰአሊተ ምሕረት ማለት «ምሕረትን የምትለምን» ማለት ነው፤ እመቤታችን ናት። የሰፈር ስም ይህን ያህል ከነገረን፣ የቤተ ክርስቲያን ግንብ ደግሞ የቆሙበትን ሰዎች ጸሎት፣ ጠብና የእጅ ሙያ ይነግረናል። ዛሬ የምናነበው ግንብ በጣና ዳር የሚገኝ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጫቸዋለሁ።

ቦታው የት ነው?

ከጎንደር በስተደቡብ፣ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ ጎርጎራ አለች። ከጎርጎራ ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ያለውን ፍርስራሽ የአካባቢው ሰው ማርያም ግምብ ይለዋል። የታሪክ ጸሐፊዎች «አዲሲቱ ጎርጎራ» የሚሉት፣ ኢየሱሳውያን የተባለው የካቶሊክ ማኅበር ሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1620ዎቹ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ተሠራ። አብዛኛው ጣሪያው ተደርምሷል፤ ግድግዳው ላይ ቁጥቋጦ በቅሏል፤ የቆመው ግን አሁንም ያናግራል።

እንዴት ተሠራ?

በ16ኛው ክፍለ ዘመን በግራኝ ጦርነት ጊዜ ፖርቱጋሎች አገራችንን በጦር ረዱ። እነሱን ተከትለው ኢየሱሳውያን ቀሳውስት መጡ፤ በትግራይ ፍሬሞና በሚባል ቦታም ተቀመጡ። ከመጡት ሁሉ ስሙ የቀረው ስፔናዊው ጴጥሮስ ጳኤስ ነው። በ1603 ምጽዋ ደረሰ፤ አማርኛና ግእዝ ተማረ፤ በ1618 የዓባይን ምንጭ ግሽ ዓባይን አየ፤ የኢትዮጵያን ታሪክም በፖርቱጋልኛ ጻፈ። ለንጉሡ በጎርጎራ በድንጋይ ቤተ መንግሥት ያሠራ፣ ለግንበኞቹም መዶሻና መሮ እንዴት እንደሚሠራ ሳይቀር ያሳየ ሰው ነው። በ1622 ጎርጎራ አረፈ። በዚያው ዓመት ሱስንዮስ ካቶሊክ መሆኑን በይፋ ገለጠ። በ1625 ካቶሊካዊው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ገባ፤ በ1626 ንጉሡ ደንቀዝ ላይ ለሮም ጳጳስ ታዛዥ ለመሆን ማለ። አዲሲቱ ጎርጎራ የዚህ ወቅት ልጅ ናት።

ሁለት ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ሐይቅ

የሕንጻውን ጠባይ ለመረዳት እዚያው ጎርጎራ ያለችውን ደብረ ሲና ማርያምን ከጎኑ አቁሙ። ደብረ ሲና ክብ ናት፤ ክዳኗ ሣር ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ ስትሄዱ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መጨረሻም መቅደስ ታገኛላችሁ። መቅደሱን ግድግዳ ይከልለዋል፤ በግድግዳው ዙሪያ የተሳሉት ሥዕሎች ለምእመኑ ትምህርት ናቸው፤ ታቦቱ ግን በምስጢር ውስጥ ይኖራል። ቤቷ ሰውን በደረጃ፣ በአክብሮት፣ እያዘገመ ወደ ቅዱሱ ያቀርበዋል።

ማርያም ግምብ ግን ረጅም አራት ማዕዘን ነው። በምዕራብ በር የገባ ሰው ዓይኑ በቀጥታ ምሥራቅ ጫፍ ያለው መንበር ላይ ያርፋል። ሕዝቡ በአንድ አዳራሽ ቆሞ ሰባኪውን እንዲሰማ፣ ቅዳሴውንም እንዲያይ ነው የታሰበው። ይህ አሠራር ሮም ውስጥ በ1568 ከተጀመረችው የኢየሱሳውያን እናት ቤተ ክርስቲያን የወጣ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ብዙዎቹ አባቶች ሲያገለግሉ የኖሩት ሕንድ አገር በጎዋ ስለነበር፣ የዚያ አገር የእጅ ሙያም አብሯቸው መጣ።

የጣሪያው አበባ

አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። ከመንበሩ በላይ ያለው ጣሪያ ከተጠረበ ድንጋይ የተሠራ ቅስት ነበር። ከስሩ ቆሞ ሽቅብ የሚመለከት ሰው በረድፍ የተደረደሩ አራት ማዕዘን ሣጥኖችን ያይ ነበር፤ በየሣጥኑ መካከል አበባ ተቀርጾ ነበር። ቀራጩ ድንጋዩን እንደ እንጨት ነው የሠራው። እንዲህ ያለ ጣሪያ የሚቆመው እያንዳንዱ ድንጋይ ጎረቤቱን ስለሚገፋ ነው። ግንበኞቹ መጀመሪያ በእንጨት ድጋፍ ላይ ከሁለቱም ወገን ድንጋይ ይደረድራሉ፤ መካከለኛውን ድንጋይ ሲያስገቡ ድጋፉ ይነሳል፤ ክብደቱም ወደ ግራና ቀኝ ወርዶ በወፍራሙ ግድግዳ ላይ ያርፋል። ግድግዳው ከተሰነጠቀ ቅስቱ ይከፈታል። ማርያም ግምብም የሚፈርሰው እንደዚህ ነው፤ አንዱ ሲለቅ ሌላውን ይዞ ይወርዳል።

የኖራ ነገር

ያን ሁሉ ድንጋይ ያጣበቀው ኖራ ነው። ከዚያ በፊት በአካባቢው ድንጋይ በጭቃ ነበር የሚገነባው፤ ጭቃ ደግሞ ዝናብ ሲያገኘው ይፈታል፤ ቅስትንም አይሸከምም። በ1620ዎቹ መጀመሪያ ከሕንድ የመጣ ግንበኛ ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ አገር ውስጥ እንዳገኘ የኢየሱሳውያኑ ጽሑፎች ይናገራሉ። ድንጋዩ በእሳት ይቃጠላል፤ ውኃ ሲያገኝ እየፈላ ይፈራርሳል፤ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ከተገነባ በኋላ ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ መልሶ ድንጋይ ይሆናል። የኖራ ግንብ እያደር የሚጠነክረው ለዚህ ነው። ጢስ ዓባይ አጠገብ በ1626 ገደማ የተሠራውን የአላታን ድልድይ የተሻገራችሁ ካላችሁ፣ በዚያ ኖራ ላይ ተራምዳችኋል።

ጠቡና ማግስቱ

ሜንዴዝ የአገሬው ሰው እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱም እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ አዘዘ፤ ሰንበትና ግዝረትን፣ የአባቶችን ሥርዓት ነካ። ሕዝቡ ተነሣ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ሱስንዮስ የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነገረ፤ ዙፋኑንም ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጣ።

ይሁን እንጂ ኖራውን አላስወጣም። ጎንደርን በ1636 ገደማ መናገሻው ሲያደርጋት ግንቡን የሠራው በጥርብ ድንጋይ፣ በኖራና በቅስት ነው። የንጉሡ ግንበኞች ሙያውን በአባቱ ዘመን ተምረውት ነበር። ዛሬ የምንኮራበት፣ በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፋሲል ግቢ ሥሩ እዚህ ሐይቅ ዳር ነው። ሃይማኖቱን አንቀበልም ያሉት አባቶቻችን ጥበቡን ወስደው የራሳቸው አደረጉት። ጠቡ አለፈ፣ ጥበቡ ቀረ የምለው ለዚህ ነው።

የቤት ሥራ

በሚመጣው እሑድ የምትጸልዩበት ቦታ ስትገቡ፣ ኦርቶዶክስም ሁኑ ካቶሊክ፣ ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። ቅዱሱ ስፍራ ተገልጦ ይታያል ወይስ ተከልሏል? ጣሪያውን የሚሸከመው ምንድን ነው? ድንጋዩን ከድንጋይ፣ ብሎኬቱን ከብሎኬት ያጣበቀውስ? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ማርያም ግምብን ያቆሙት አብዛኞቹ ግንበኞች ስማቸውን የጻፈላቸው የለም፤ የተቀረጸው አበባ ግን ከቅስቱ ጋር እየወደቀ ነው። እሱን ለማትረፍ ቀድሞ ዋጋውን የሚያውቅ ትውልድ ያስፈልጋል፤ ያ ትውልድ እናንተ እንድትሆኑ ከልቤ እመኛለሁ።